የጀልዱው ማራቶን ሯጭ

ከሆለታ ወደ ሙገር የሚወስደው መንገድ የሲሚንቶ መኪና የማይጠፋበት መንገድ ነው። የአዳአ በርጋ ወረዳ ከተማ እንጭኒም ያለችው በዚሁ መስመር ነው። በ1976 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ለአካባቢው እንጀራ ብቻ ሳይሆን ስፖርትም ይዞ መጥቷል፤ ሙገር ሲሚንቶ የሚለው ስም በአገሪቱ የእግር ኳስና የአትሌቲክስ ውድድሮች ለረጅም ጊዜ ሲጠራ ኖሯል። እንዲያም ሆኖ ሩጫ ሲነሳ የሁላችንም ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ አርሲ፣ ወደ በቆጂና ወደ አሰላ ነው። ምዕራብ ሸዋን ሰው የሚያውቀው በአምቦ ውኃ፣ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በሃጫሉ ሁንዴሳ ነው። ከእንጭኒ በስተምዕራብ፣ ሜታ ሮቢን አልፎ የሚገኘው ጀልዱ ግን ለዓለም አንድ ትልቅ የማራቶን ሰው ሰጥቷል። የዚህን ሰው ታሪክ ብዙዎች የሚያውቁት ከመካከሉ፣ እጁን ካጣመረባት ቅጽበት ተነስተው ነው። እኔ ከመጀመሪያው ልጀምር። ያቺ ቅጽበት ምን እንዳስከፈለችው የሚገባን ከዚያ በፊት የሮጠውን ስናውቅ ነውና።

ፈይሳ ሌሊሳ ጥር 24 ቀን 1982 ዓ.ም. በጀልዱ ወረዳ ቱሉ ቡልቱማ በሚባል ስፍራ ተወለደ። ጀልዱ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች የሚያበቅል፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ከትከሻ የማይወርድበት አገር። ደርግ ሲወድቅ ፈይሳ ዓመት ከጥቂት ወር የሆነው ሕፃን ነበር። ስለዚህ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ እስከ 28 ዓመቱ ያየው ሥርዓት አንድ ነው። ትምህርት ቤት የገባው፣ መሮጥ የጀመረው፣ የአገሩን ማሊያ የለበሰው፣ ኋላም የተጋፈጠው በዚያው ሥርዓት ሥር ነው።

በአገር አቋራጭ ነው የጀመረው። መጋቢት 2000 ዓ.ም. ኤድንብራ ላይ በዓለም ሻምፒዮና በወጣቶች ምድብ ሮጠ፤ በዓመቱ አማን ላይ ከአዋቂዎቹ ጋር ተሰለፈ። ያኔ የኢትዮጵያ ሯጭ የተለመደ ጎዳና ነበረው። መጀመሪያ አገር አቋራጭ፣ ቀጥሎ 5,000 እና 10,000 ሜትር፣ ጉልበቱ ሲበስል ማራቶን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በርሊን ላይ በ2:03:59 የዓለምን ክብረ ወሰን ያሻሻለው በመስከረም 2001 ዓ.ም.፣ በትራክ ላይ ያላሸነፈው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ነገር ግን ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ቤጂንግ ላይ የ21 ዓመቱ ኬንያዊ ሳሙኤል ዋንጂሩ በነሐሴ ሙቀት በ2:06:32 የኦሊምፒክን ማራቶን አሸንፎ ነበር። ማራቶን የአንጋፋ ርቀት ነው የሚለው እምነት ከዚያ ቀን በኋላ ላላ። ትራክ ላይ የኃይሌንና የቀነኒሳን መንገድ መከተል ለማይችለው ወጣት ሁሉ አውራ ጎዳናው ተከፈተለት።

ፈይሳ በዚያ በር ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በጥቅምት 2002 ዓ.ም.፣ በ19 ዓመቱ፣ ደብሊን ላይ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጦ በ2:09:12 አሸነፈ። ሁለት ወር ትንሽ እንዳለፈ ቻይና ሄዶ የሺያመንን ማራቶን በ2:08:47 ወሰደ። በሚያዝያ ወር ሮተርዳም ላይ ቆመ። ውድድሩ ሙሉ በሙሉ የኬንያውያን ነበር፤ ፓትሪክ ማካው በ2:04:48 ሲያሸንፍ ጂኦፍሪ ሙታይና ቪንሰንት ኪፕሩቶ ተከተሉት። ፈይሳ አራተኛ ወጣ። መድረክ አልቆመም፣ ነገር ግን ሰዓቱ 2:05:23 ነበር፤ በ20 ዓመት ዕድሜ ከ2:06 በታች የገባ ሰው እስከዚያ ቀን አልታየም። በስድስት ወር ሦስት ማራቶን ማለት ለጎልማሳ ሯጭም የሚበዛ ነው፤ ብዙ አሰልጣኝ በዓመት ከሁለት በላይ አይፈቅድም። እግሩ ገና ሳይጠና ይህን ሁሉ ኪሎ ሜትር መብላቱን ሳስብ፣ ከዚህ ልጅ ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችል የነበረ ነገር እንዳለ ይሰማኛል። ይሁን እንጂ ማራቶን ሯጭ ደመወዝተኛ አይደለም። እንጀራው ያለው በውድድሩ ላይ ነው።

በ2003 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ቺካጎ ላይ ዋንጂሩና ጸጋዬ ከበደ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች እየተቀዳደሙ ሲፋለሙ፣ ሦስተኛ የገባው ፈይሳ ነበር። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና የአገሩን ማራቶን ቡድን ማሊያ ለብሶ ዴጉ ላይ ተሰለፈ። ኬንያዊው አቤል ኪሩይ ማንም ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ወጥቶ በ2:07:38 ጨረሰ። ኪፕሩቶ ሁለተኛ፣ ፈይሳ በ2:10:32 ሦስተኛ። ያ ሻምፒዮና ለኢትዮጵያ የደረቀ ነበር። ኢብራሂም ጄይላን በ10,000 ሜትር ካመጣው ወርቅ ሌላ የተገኘው አራት ነሐስ ነው፤ ከአራቱ አንዱ የጀልዱው ልጅ ነው። 21 ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት ጥሩም መራራም ነበር። በጥር 2004 ዓ.ም. ሂዩስተን ላይ ግማሽ ማራቶንን በ59 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አሸነፈ። ለለንደን ኦሊምፒክ ግን አልተመረጠም። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ማራቶን ሯጮች ሰዓት እጅግ ፈጥኖ ስለነበር 2:05 እንኳ ቡድን ውስጥ ለመግባት አይበቃም ነበር። የተመረጡት አየለ አብሽሮ፣ ዲኖ ሰፊርና ጌቱ ፈለቀ ነበሩ፤ ሦስቱም ለንደን ላይ አቋርጠው ወጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ቺካጎ ላይ ሦስት ኢትዮጵያውያን ተከታትለው ገቡ። ጸጋዬ ከበደ 2:04:38፣ ፈይሳ ሌሊሳ 2:04:52፣ ጥላሁን ረጋሳ 2:05:27። በ14 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣው ፈይሳ ያን ቀን የሮጠው ሰዓት የሕይወቱ ምርጥ ሰዓት ሆነ። ኦሊምፒክ ያመለጣቸው ሰዎች ኦሊምፒኩ ገና ከአእምሮ ሳይጠፋ የሰጡት መልስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ከፍም ዝቅም አለ። ለንደን ላይ አራተኛ፣ ዱባይ ላይ አራተኛ፤ ሁልጊዜ ከመሪዎቹ ጋር ነበር፣ ሁልጊዜ ግን ከፊቱ ሰው አይጠፋም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በርሊን ላይ ሦስተኛ ወጣ። በዚያ ውድድር ያሸነፈው ኤሊውድ ኪፕቾጌ ነበር፣ የጫማው ውስጠኛ ሶል ወጥቶ በቁርጭምጭሚቱ ላይ እየተርገበገበ። ፈይሳና ኪፕቾጌ በዚያው ዓመት ማብቂያ ዳግም ይገናኛሉ።

በርሊንና ሪዮ መካከል ባለው አንድ ዓመት የትውልድ አገሩ ነደደ። ነገሩ ቀደም ብሎም ነበር፤ የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አንድ ላይ ያቅዳል የተባለው ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን አምቦ ላይ ተማሪዎች ወጥተው ሞተዋል። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጀልዱ በስተደቡብ ያለችው ጊንጪ ተነሳች። መነሻው የጭልሞ ደን መመንጠርና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ለኢንቨስትመንት መሰጠቱ ነበር። ለዚህ ሜዳ ተብሎ የወጣው የተማሪ ድምፅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ኦሮሚያን ሁሉ አዳረሰ። ወጣቶቹ ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው አንጓቸው ላይ ያጣምሩ ነበር፤ እጃችን ባዶ ነው፣ ታስረናልም ማለታቸው ነው። መንግሥት በጥር ወር ፕላኑን ሰረዘ፣ ተቃውሞው ግን አልቆመም፤ ከመሬት አልፎ የእስረኛና የሟች ጥያቄ ሆኖ ነበርና። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ ባወጣው ዘገባ የተገደሉትን ከ400 በላይ አድርሷቸዋል።

ፈይሳ በዚህ መካከል ይለማመድ ነበር። በየካቲት 2008 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2:06:56 አሸነፈ፤ ለሪዮ ያስመረጠውም ይህ ዓይነቱ ውጤት ነው። የሆነውን ለማድረግ ያሰበው ከኦሊምፒኩ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ መሆኑን፣ ለቤተሰቡም እንዳልነገረ፣ በኋላ ተናግሯል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ሐሳቡ ዋጋ የሚኖረው ካሸነፈ ወይም ሜዳሊያ ካገኘ ብቻ ነበር። 40ኛ የገባ ሰው እጁን ቢያጣምር ካሜራ አያየውም። ስለዚህ ያን የሦስት ወር ልምምድ የሠራው ሁለት ሸክም ተሸክሞ ነው፤ የማራቶኑንና ማራቶኑ ሲያልቅ የሚመጣውን።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የሪዮ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ቀን፣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ውድድሩ የሚነሳውም የሚያልቀውም የሪዮ የካርኒቫል ሰልፍ በሚደምቅበት በሳምባድሮም ነው። ፈይሳ የተሰለፈው ከተስፋዬ አበራና ከለሚ ብርሃኑ ጋር ነበር። መንገዱ እርጥብ ነው፣ አካሄዱም ቀስ ያለ፤ እስከ ግማሽ ድረስ ብዙ ሰው አብሮ ሄደ። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ግን እየተንጠባጠቡ ቀርተው ሦስት ሆኑ፤ ኪፕቾጌ፣ ፈይሳና አሜሪካዊው ጌለን ረፕ። ረፕ ቀረት አለ። ኪፕቾጌ 35ኛውን ካለፈ በኋላ ሲጨምር ፈይሳ ጥቂት ታገለ፣ ከዚያ ክፍተቱ ሰፋ። ኪፕቾጌ በ2:08:44 ወርቁን ወሰደ። ከ70 ሰከንድ በኋላ ፈይሳ ወደ መጨረሻው መስመር ደረሰ። ረፕ ብዙም ሳይርቅ ይከተለዋል፤ የለያቸው 11 ሰከንድ ነው። እንዲህ ያለ ተከታይ እያለበት ሰው ዞር ብሎ ያያል፣ ሰዓቱን ይመለከታል። ፈይሳ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ አንጓው ላይ አጣመረ፣ እንዲያ እንዳለ መስመሩን አለፈ። 2:09:54። መስመሩን ካለፈ በኋላም ደገመው፤ ጋዜጠኞች ፊትም፣ ሜዳሊያ ሲቀበልም ደገመው።

ዘመዶቹ እስር ቤት እንዳሉ፣ ስለ መብት የሚናገር ሰው እንደሚገደል፣ አገር ቢገባ ወይ እንደሚገደል ወይ እንደሚታሰር ለጋዜጠኞች ነገራቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ውድድሩን በቀጥታ ቢያስተላልፍም ያን አጨራረስ ደግሞ አላሳየም። የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት ጌታቸው ረዳ በፖለቲካ አቋሙ ምንም እንደማይደርስበትና አቀባበል እንደሚደረግለት ተናገሩ። እሱ ግን ቡድኑን ተከትሎ አልተመለሰም። በኢንተርኔት ለእሱና ለቤተሰቡ የተጀመረው መዋጮ በአጭር ጊዜ ከ100,000 ዶላር አለፈ።

የኦሊምፒክ ቻርተር 50ኛው ደንብ በመወዳደሪያ ስፍራ የፖለቲካ ምልክት ማሳየትን ይከለክላል። ዓለም ወዲያው ያስታወሰው ሜክሲኮ ሲቲን ነበር፤ ጥቁር አሜሪካውያኑ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሽልማቱ መድረክ ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው አነሱ፣ ከቡድናቸውም ተባረሩ። ከዚያ በአራተኛው ቀን በዚያው ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። ፈይሳን ግን ሜዳሊያውን የነጠቀው የለም።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ሌላ ወጣት ተመሳሳይ መንገድ ጀምሮ ነበር። ኮሊን ካፐርኒክ ያኔ የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ኳርተርባክ ነበር፤ በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደምትወረወር የሚወስን፣ ቡድኑን የሚመራ ተጫዋች። በ25 ዓመቱ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል አድርሶ በባልቲሞር ሬቨንስ 34 ለ 31 ተሸንፏል። ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር አለመነሳቱን ጋዜጠኞች ያስተዋሉት ፈይሳ እጁን ካጣመረ በአምስተኛው ቀን ነው። ምክንያቱ ፖሊስ በጥቁሮች ላይ የሚፈጽመው ግፍ ነበር። ከሳምንት በኋላ መንበርከክ ጀመረ። የዚያ ዓመት ጨዋታ ሲያልቅ ከቡድኑ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያስፈረመው ቡድን የለም። ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው የተማከሩ አይደሉም። ሁለቱም ግን የከፈሉት በአንድ ዓይነት ገንዘብ ነው። ስፖርተኛ በአካሉ ላይ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ከ25 እስከ 30 ያለውን ዓመት ያጣ ሰው ኋላ ይቅርታም ክብርም ቢያገኝ ያን ዕድሜ የሚመልስለት የለም። ስለ ፈይሳ ጀግንነት ብዙ ሲወራ ይህ ነገር ሳይነሳ ማለፉ ያሳዝነኛል።

እጅ ማጣመሩ ከእሱ አልፎ ተሻገረ። በ2009 ዓ.ም. አዲስ ዓመት መባቻ፣ በዚያው በሪዮ፣ በፓራሊምፒክ የማየት ችግር ያለባቸው ሯጮች በሚወዳደሩበት 1,500 ሜትር ታምሩ ደምሴ ብር አግኝቶ እጁን አጣመረ። ያ ውድድር ራሱ ተአምር ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ሯጮች የገቡበት ሰዓት በኦሊምፒኩ 1,500 ሜትር ወርቅ ካገኘው ሰው ሰዓት የፈጠነ ነው። በመስከረም ወር ፈይሳ ዋሽንግተን ገብቶ መግለጫ ሰጠ። መስከረም 22 ቀን ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ብዙ ሰው አለቀ፤ በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዲስ የለቅሶ ወሬ በየቀኑ በስልክ እየመጣለት፣ እሱ አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ በምትባል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ብቻውን ይለማመድ ነበር። ሯጮች ለከፍታዋ ሲሉ ይመርጧታል፤ እሱ ግን የጀልዱ ሰው ነው፣ ከፍታ አልቸገረውም። የቸገረው የቡድን ጓደኛ፣ የቤት እንጀራ፣ ልጆቹ ናቸው።

በጥር 2009 ዓ.ም. ሂዩስተን ላይ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ባሸነፈበት ከተማ፣ ግማሽ ማራቶኑን ዳግም ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ሰዓቱ 1:01:14 ነበር፤ ከድሮው ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው። የካቲት 7 ቀን ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ ማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱለት። በሚያዝያ ለንደን ላይ ማራቶን ሮጦ 2:14:12 ፈጀበት፣ 12ኛ ወጣ። በዚያው ክረምት ቦጎታ ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። በየደረሰበት እጁን ማጣመሩን አልተወም። እግሩ ግን የቺካጎው እግር አልነበረም።

አገር ቤት ነገሩ የተለወጠው በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ነው። ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ እስረኞች ተፈቱ፣ ስደተኞች ተጠሩ። ለፈይሳም የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ጥሪ አደረሱ። ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ቦሌ ሲያርፍ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ወርቅነህ ገበየሁ ተቀበሉት። ከሪዮ ወጥቶ አገሩን ሳያይ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ሯጭ ነበርና ታሪኩ በሩጫው ሰሌዳ ላይም ይነበባል። ኢትዮጵያ በወንዶች ኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ ሁለት ጊዜ፣ ማሞ ወልዴና ገዛኸኝ አበራ አንድ አንድ ጊዜ ወርቅ አምጥተውላታል፤ በሲድኒ ከገዛኸኝ ጋር ተስፋዬ ቶላ፣ በቤጂንግ ጸጋዬ ከበደ ነሐስ አግኝተዋል። ከቤጂንግ በኋላ ለንደን ባዶ ነበር። የቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን ሳፖሮ ላይ ሲሮጥም ሜዳሊያ አልመጣም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ በ2:06:26 አዲስ የኦሊምፒክ ሰዓት አስመዝግቦ ወርቁን እስኪያነሳ ድረስ፣ ኪፕቾጌም በዚያው ውድድር አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ፣ በእነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ በዚህ ርቀት የኢትዮጵያ ወንዶች ያገኙት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የፈይሳ ሌሊሳ ብር ብቻ ነበር።